ስለ እንቁራሪትና ስለ ጉርጥ አወላለድና ልጅ አስተዳደግ

(በሳይንስ ክበባችን ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግሥት፤ ከግርጌው በእርሳስ «ደግሞ ለጉርጥ!» ተብሎ ተጽፎ አገኘነው። ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ አናውቅም፤ ምናልባትም ዛሬ በመካከላችን ተቀምጦ ይሆናል። አልተቀየምነውም። እኛም ራሳችን እስካለፈው ክረምት ድረስ ከዚህ የተሻለ አሳብ አልነበረንም።

እንዲያውም ነገሩን ስናስበው የባዮሎጂ ተማሪ ከእንስሳት ሁሉ አብልጦ የሚያውቃት እንቁራሪትን ነው። ነገር ግን የሚያውቃት ሞታ ነው። ፎርማሊን እየሸተተች፤ በሰም በተሞላ ሳሕን ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፤ አራት እግሮቿ በመርፌ ተወግተው ትቀርብለታለች። ሆዷን በመቀስ ይከፍታል፤ ሦስት ክፍል ያለውን ልቧን ይፈልጋል፤ ጉበቷንና ሳንባዋን በሥዕል ያሳያል፤ ነጥብ ያገኛል። ብዙ ጊዜም ሆዷ ሲከፈት ጥቋቁር እንቁላል እንደ ኑግ ፍሬ ተከምሮ ይገኛል። ይህ እንቁላል ከፈተና በፊት ሌሎቹን የሆድ ዕቃዎች ስለሚሸፍን በጣት እየተጠረገ ይጣላል። ለመሆኑ ያ እንቁላል ወዴት ሊሄድ ነበር? ይህን ለመጠየቅ የላቦራቶሪው ሰዓት አይበቃም፤ እኛም አልጠየቅንም። ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ስም ጥቂት እንበል። በቋንቋችን ቆዳዋ የለዘበውን፤ እግሯ ረዝሞ የምትፈናጠረውን እንቁራሪት እንላለን፤ ቆዳው ሻካራና ደረቅ የሆነውን፤ አጭር እግር ኖሮት የሚንፏቀቀውን ጉርጥ እንለዋለን። መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘጸአት ከዓባይ ወንዝ ወጥተው የግብፅን ምድር የሸፈኑትን ጓጉንቸር ብሎ ይጠራቸዋል። በሳይንስ ዓይን ግን በእንቁራሪትና በጉርጥ መካከል ጥብቅ ወሰን የለም። ጉርጦች ከእንቁራሪቶች ሰፊ ነገድ ውስጥ አንዱ ቤተ ሰብ ናቸው። በዓለም ላይ ዛሬ የታወቁት ዓይነቶች ከ7,000 በላይ ሲሆኑ፤ በአገራችን የሚገኙት ከ60 ይበልጣሉ። ከእነዚህም ከሲሶ የማያንሱት ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኙም። ዋልያንና ቀይ ቀበሮን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ስለ እነዚህ ግን ማን ነግሮን ያውቃል? (በዚህ ንግግር የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው በድምፅ ነው። ክረምት ሲገባ ከመሸ በኋላ ከረግረጉ የሚሰማውን ጩኸት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በፈተና ሰሞን ስትረግሙትም ሰምተናል። የሚጮኸው ወንዱ ነው። ከጉሮሮው ሥር ያለው የድምፅ ከረጢት እንደ ፊኛ ይነፋል፤ አየሩ ከሳንባ ወደ ከረጢቱ፤ ከከረጢቱም ወደ ሳንባ ይመላለሳል፤ ስለዚህ አፉን ሳይከፍት ሌሊቱን ሙሉ ሊጮህ ይችላል። እያንዳንዱ ዓይነት የየራሱ ድምፅ አለው። በአንድ ኩሬ ዳር አራት አምስት ዓይነት በአንድነት ቢጮኽም ሴቷ የወገኗን ድምፅ ለይታ ወደዚያው ትሄዳለች። በእርግጥ ድምፁን የምትሰማው እርሷ ብቻ አይደለችም፤ የሌሊት ወፍም ይሰማል። ወንዱ ሚስት የሚጠራበት ጩኸት ነፍሱን የሚያስከፍለው ጊዜ አለ።

ሴቷ በደረሰች ጊዜ ወንዱ ከጀርባዋ ወጥቶ በፊት እግሮቹ ከብብቷ ወይም ከወገቧ አጥብቆ ያቅፋታል። በመራቢያ ወራት በወንዱ አውራ ጣት ላይ ሻካራ ጥቁር ምልክት ይበቅላል፤ ሥራውም ከሚያሟልጨው ቆዳዋ ላይ እንዳይንሸራተት መያዝ ነው። እቅፉ ለሰዓታት፤ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል። ሴቷ እንቁላሏን ወደ ውኃ ስትለቅ ወንዱ በዚያው ቅጽበት ዘሩን ያፈስበታል። በአብዛኞቹ ዘንድ ፅንሱ የሚጀመረው በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ሳይሆን በውጭ፤ በውኃው ውስጥ ነው።

ይህ ዛሬ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በ18ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ሊቃውንት የወንዱ ሥራ ምን እንደ ሆነ ገና ይከራከሩ ነበር። ኢጣሊያዊው ካህን ላዛሮ ስፓላንዛኒ ነገሩን ለመቍረጥ ያደረገው ሙከራ ሲነገር ያስቃል፤ ግን እውነት ነው። ለወንዶቹ እንቁራሪቶች በሰም ከተነከረ ታፍታ ጠባብ ሱሪ አሰፋላቸው። ወንዶቹ ሱሪያቸውን እንደ ታጠቁ ሴቶቹን አቀፉ፤ ሴቶቹም እንቁላላቸውን ጣሉ፤ ነገር ግን ከእንቁላሉ አንድም ሽል ሳይወጣ በሰበሰ። ከዚያ በሱሪው ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ ወስዶ ሌላ እንቁላል ቢቀባበት እንቁላሉ ሕይወት ዘራ። ኋላም ፈሳሹን በወረቀት አጥልሎ ሞከረው፤ የጠለለው ውኃ ኃይሉ ጠፋ፤ በወረቀቱ ላይ የቀረው ዝቃጭ ግን ይሠራ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስፓላንዛኒ በዝቃጩ ውስጥ የሚዋኙት ጥቃቅን ነገሮች ለፅንስ አያስፈልጉም ብሎ መደምደሙ የሚያስደንቅ ነው። መልሱን በእጁ ይዞ አላየውም። ይህን የምንነግራችሁ ልንስቅበት አይደለም፤ እኛም በላቦራቶሪ ደብተራችን ላይ ስንት ጊዜ ያየነውን ትተን የጠበቅነውን ጽፈናል!

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሦስት ሆነን ከመኝታ ቤታችን በስተጀርባ ባለው ቦይ ውስጥ በሣር ላይ የተጠመጠመ ነገር አየን። ከሩቅ የወደቀ መቁጠሪያ ይመስል ነበር። ቀርበን ስናይ ግን እንደ ብርጭቆ በጠራ ለስላሳ ክር ውስጥ ጥቋቁር ፍሬዎች ተሰክተው አገኘን። የጉርጥ እንቁላል ነበር። እንቁራሪቶች ብዙውን ጊዜ እንቁላላቸውን በአንድ ክምር እንደ አተላ አረፋ አድርገው ሲጥሉ፤ ጉርጦች ግን በክር መልክ ይጥሉታል። አንዲት የአውሮፓ ጉርጥ በአንድ ወቅት ከሦስት ሺህ የማያንስ እንቁላል ትጥላለች፤ በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው ትልቁ የሸንኮራ ጉርጥ ደግሞ ከሃያ ሺህ ሊያልፍ ይችላል። የኛን ለመቍጠር ሞክረን ከሰባት መቶ በላይ ስንደርስ ተሳስተን ተውነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ፍሬዎቹ ረዘሙ፤ ከዚያም ጭራ አወጡ፤ ከዚያም ከክሩ ወጥተው በሣሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ይህ ጭራ ያለው እጭ በመማሪያ መጽሐፋችን ታድፖል የሚባለው ነው። አኗኗሩ ፈጽሞ የዓሣ ነው፤ እንደ ዓሣ በውኃ ውስጥ ይተነፍሳል፤ በጭራው ይዋኛል፤ በጥቃቅን የቀንድ ጥርሶቹም ከድንጋይና ከቅጠል ላይ አረንጓዴውን ሽበት እየፋቀ ይበላል። አንጀቱ ረጅምና እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ነው፤ ሆዱ ስስ ስለ ሆነ ከውጭ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው በእንስሳት ዓለም ውስጥ ከሚታዩት ለውጦች ሁሉ ከባዱ ነው ብንል አናጋንንም። በመጀመሪያ የኋላ እግሮቹ እንደ ቡቃያ ብቅ ይላሉ። የፊት እግሮቹ ግን ከቆዳ በታች ተሸሽገው ያድጉና በአንድ ቀን ድንገት ይወጣሉ። በብዙዎቹ ዓይነቶች የግራ እጁ በግራ ጎኑ ባለው የመተንፈሻ ቀዳዳ ሾልኮ ሲወጣ፤ ቀኙ ግን ቀዳዳ ስለሌለው ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። ይህን በዓይናችን ለማየት በተራ ሌሊት ጠብቀናል። አፉ ይሰፋል፤ የቀንድ ጥርሶቹ ይረግፋሉ፤ ረጅሙ የሣር በል አንጀት አጥሮ የሥጋ በል አንጀት ይሆናል፤ ሳንባው ሥራ ይጀምራል። በእነዚህ ቀናት ምንም ሊበላ አይችልም፤ አሮጌው አፉ ፈርሷል፤ አዲሱም ገና አልተሠራም። ታዲያ በምን ይኖራል? በጭራው ይኖራል። ጭራው አይቈረጥም፤ ከውስጥ እየሟሟ ወደ ሰውነቱ ይገባል። ጭራውን ስንቅ አድርጎ ከውኃ ወደ የብስ ይሻገራል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያዘው በአንገት ላይ ያለ አንድ ዕጢ ነው፤ በሰው ላይ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው ይኸው ነው። በ1912 ጉደርናች የተባለ ሊቅ ለእጮች የፈረስን የአንገት ዕጢና ሌላም የዕጢ ሥጋ አበላቸው፤ የአንገቱን ዕጢ የበሉት ከጊዜያቸው በፊት ተለውጠው ዝንብ የሚያህሉ እንቁራሪቶች ሆኑ። ዕጢው የሚሠራውን ቅመም ለመሥራት አዮዲን ያስፈልገዋል። በደጋው አገራችን አዮዲን በማነሱ ምክንያት እናቶቻችን በእንቅርት ሲቸገሩ የኖሩትና የቦዩ እጭ ጭራውን የሚጥለው በአንድ ሕግ መሆኑን ስናውቅ፤ ከሦስታችን አንዱ «እንግዲህ ዘመዳችን ናት» አለ።

ዘመዶቻችን ግን በደኅና አላደጉም። በነሐሴ አጋማሽ ላይ የቦዩ ዳር ለመንገድ ሥራ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ቦዩ ይደፋ ጀመር። ያዘዘው ክፍል ስሕተት አልሠራም፤ በቦዩ ውስጥ ማን እንደሚኖር የነገረው የለም። እኛም ቀደም ብለን አልተናገርንም፤ ጥፋቱ በከፊል የኛ ነው። ዜናውን ስንሰማ በባልዲና በልብስ ማጠቢያ ሳፋ የምንችለውን ያህል ቀድተን አወጣን። በዚህ ጊዜ አትክልተኛው አባባ በአካፋቸው ተደግፈው ሲመለከቱን ቆዩና፤ «ልጆቼ፤ የምትለቅሟቸው ልታሳድጓቸው ነው፤ ወይስ ልትቀዷቸው?» ብለው ጠየቁን። ወዲያው መልስ አልሰጠናቸውም። በልባችን ሁለቱንም አስበን ነበርና።

እንግዲህ ከሺህ እንቁላል ሁለትና ሦስት ቢያድግ እናትየዋ አትከስርም፤ እንቁላል ጥላ ትሄዳለች፤ ልጆቿን አታውቃቸውም። አብዛኛው ሰው ስለ እንቁራሪት የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም እንዲህ አይደሉም። በደቡብ አፍሪካ ሜዳ የሚኖረው ታላቁ ኮርማ እንቁራሪት ልጆቹ ያሉበትን ዝቅተኛ ውኃ ይጠብቃል፤ ሰውም ሆነ አንበሳ ቢቀርበው አፉን ከፍቶ ይዘልበታል። ፀሐይ በርትቶ ኩሬው ሊደርቅ ሲል በኋላ እግሮቹ ጭቃውን እየገፋ እስከ ቀጣዩ ትልቅ ውኃ ድረስ ቦይ ይቆፍርላቸዋል። በመንገድ ከልጆቹ ጥቂት እንደሚበላም ተጽፏል፤ የአባትነት ደመወዝ ይሁን አይሁን እናንተ ፍረዱ።

በአውሮፓ አዋላጅ የሚባለው ጉርጥ አለ፤ ወንዱ የእንቁላሉን ክር በኋላ እግሮቹ ላይ ጠምጥሞ ለሳምንታት ይዞ ይዞራል፤ ሲደርቅበት ውኃ ይነክረዋል፤ ሊፈለፈል ሲል ወደ ኩሬ ይወስደዋል። በቺሊ ደኖች ያለው የዳርዊን እንቁራሪት ደግሞ ልጆቹን በአፉ አንሥቶ በድምፅ ከረጢቱ ውስጥ ያሳድጋል፤ ሚስት የጠራበት ከረጢት የልጆቹ አልጋ ይሆናል ማለት ነው፤ ትንንሽ እንቁራሪቶች ሆነው ሲያበቁም በአፉ ይወጣሉ። በመካከለኛው አሜሪካ ደን ቀይዋ ትንሽ መርዘኛ እንቁራሪት እጮቿን አንድ በአንድ በጀርባዋ አዝላ ዛፍ ላይ ወጥታ፤ በቅጠል ጉያ ውስጥ በተጠራቀመ አንድ ስኒ በማይሞላ ውኃ ውስጥ ለየብቻ ታስቀምጣቸዋለች። በየጊዜው እየተመለሰችም ሽል የሌለበት እንቁላል ትጥልላቸዋለች፤ የሚበሉት እርሱን ብቻ ነው። በአፍሪካ ቆላ ደግሞ አንዲት የዛፍ እንቁራሪት ከውኃ በላይ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ከሰውነቷ የሚወጣውን ፈሳሽ በኋላ እግሮቿ እየመታች ነጭ አረፋ ታደርገውና በውስጡ እንቁላሏን ትጥላለች። አረፋው ከላይ ደርቆ ውስጡ እርጥብ እንደ ሆነ ይቆያል፤ እጮቹ ሲደርሱ ከሥር ቀልጦ ወደ ውኃው ይንጠባጠባሉ። የኛው የደቡብ ደኖች ነዋሪ የሆነች ትንሽ እንቁራሪት እንኳ አለች፤ ስሟ ከእንሰት ተወስዶ «ኤንሴቲኮላ» ተብሏል። ወገኖቿ የሣር ቅጠል እንደ ደብዳቤ አጥፈው በሙጫ አጣብቀው በውስጡ እንቁላል የሚጥሉ ናቸው።

ከሁሉም ይልቅ ግን ረዘም አድርገን ልንነግራችሁ የምንፈልገው በአውስትራልያ፤ በኲንስላንድ ተራራ ወንዞች ውስጥ ትኖር ስለነበረችው ነው። «ትኖር ስለነበረችው» ያልነው በስሕተት አይደለም።

ይህች እንቁራሪት በሳይንስ የታወቀችው በ1973 ነበር። በተያዘች ጊዜ በመስታወት ገንዳ ውስጥ አስቀምጠው ሲያዩዋት አንድ ቀን አፏን ከፍታ በሕይወት ያሉ ትንንሽ እንቁራሪቶች አወጣች። ማይክል ታይለርና ባልደረቦቹ ነገሩን መርምረው በ1974 በጽሑፍ ሲያወጡት ለማመን የተቸገሩ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። እናቲቱ ዘር የያዘውን እንቁላል ትውጠዋለች፤ ልጆቹም በጨጓራዋ ውስጥ ያድጋሉ። ለስድስት ሰባት ሳምንት ምንም አትበላም፤ ሆዷ ከመነፋቱ የተነሣ ሳንባዋ ተጨፍልቆ በቆዳዋ ትተነፍሳለች።

ጨጓራ ማለት ግን ሥጋን የሚያሟሟ አሲድ ያለበት ስፍራ ነው። ልጆቹ እንዴት አልተፈጩም? እንቁላሉን የከበበው ሙጫና በኋላም እጮቹ ራሳቸው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ቅመም እያወጡ የእናታቸው ጨጓራ አሲድ መሥራቱን እንዲያቆም ያደርጉታል። ልጆቹ ሲወጡ ጨጓራው ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ይህ የተሰማ ጊዜ የጨጓራ ቁስል የሚያክሙ ሐኪሞች ጆሯቸውን አቀኑ። አሲድ የሚያመነጭ ጨጓራ እንደ ፈለጉ የሚዘጋና የሚከፈት ከሆነ ምስጢሩ ለሰው ይጠቅማል። ከመካከላችን በበርበሬና በሌሊት ጥናት ጨጓራው የተቃጠለ ስንት ነው? ጥናቱ ሲጀመር ግን እንቁራሪቷ መጥፋት ጀመረች። በዱር ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1981 ነው፤ በቤት ተይዛ የነበረችው የመጨረሻይቱም በ1983 ሞተች። በ1984 እኅቷ የሆነች ሁለተኛ ዓይነት፤ ልጆቿን በጨጓራዋ የምታሳድግ፤ ከዚያ በስተ ሰሜን ተገኘች ተብሎ ደስታ ሆነ። በ1985 ከታየች በኋላ እርሷም ዳግመኛ አልታየችም።

በተገኘችና በጠፋች መካከል ያለው ጊዜ አንድ ተማሪ ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚደርስበት ነው። ብዙዎች የሚጠረጥሩት በቆዳ የሚተላለፍ አንድ ዓይነት ሻጋታ ነው፤ ይህ ሻጋታ ስም ወጥቶለት የተገለጸው በ1999 ሲሆን በዓለም ዙሪያ ብዙ የእንቁራሪት ዓይነቶችን ጨርሷል። በ2023 በወጣው የዓለም አቀፍ ግምገማ ከእንቁራሪትና ከዘመዶቿ ከመቶ አርባ የሚሆኑት ለመጥፋት የተቃረቡ ሆነው ተገኝተዋል። ከወፎችም ከአጥቢዎችም ይህን ያህል የተጐዳ የለም።

ነገሩ የሩቅ አገር እንዳይመስላችሁ ወደ አፍሪካ እንመለስ። በጊኒና በኮት ዲቯር ወሰን ላይ ባለው የኒምባ ተራራ አናት የሚኖር አንድ ትንሽ ጉርጥ አለ። እንቁላል አይጥልም፤ ዘጠኝ ወር አርግዞ ይወልዳል! በማኅፀኗ ውስጥ እናቲቱ ልጆቿን ከማኅፀኗ ግድግዳ በሚመነጭ ፈሳሽ ትመግባለች፤ ጭራ የሌላቸው፤ ሙሉ ጉርጦች ሆነው ይወለዳሉ። ዘጠኝ ወር መሆኑን ያነበብን ጊዜ ሁለት ጊዜ ደግመን አነበብነው። ያ ተራራ በብረት ማዕድን የተሞላ በመሆኑ ከ1992 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

በታንዛንያ የሆነውም ይታወቃል። በኪሃንሲ ሸለቆ ፏፏቴው በሚረጨው ጤዛ ሥር ብቻ የሚኖር ብጫ ጉርጥ በ1996 ተገኘ፤ እርሱም ሕያው ልጅ የሚወልድ ነው። መላ አገሩ ጥቂት ሄክታር ነበር። በ2000 ላይ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራው ግድብ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ውኃ ተወሰደ፤ ጤዛውም ቆመ። በፍጥነት ወደ 500 የሚሆኑት ተይዘው ወደ አሜሪካ የእንስሳት ማቆያዎች ተላኩ፤ በሸለቆውም ሰው ሠራሽ መርጫ ተተከለ፤ ሆኖም ሻጋታውም ገባና በ2009 በዱር የለም ተባለ። በአሜሪካ የተወለዱት ከ2012 ጀምሮ ወደ አገራቸው እየተመለሱ ነው። ግድቡ መሠራት አልነበረበትም ለማለት አንደፍርም። በኩራዝ ያጠናን ተማሪዎች ነንና የመብራትን ዋጋ እናውቃለን። ነገር ግን ጉርጡን ያገኙት የግድቡ ጥናት ከተጀመረ በኋላ መሆኑ ያሳስባል። አስቀድሞ ሸለቆውን ያየ ቢኖር ኖሮ የውኃው ክፍፍል በወረቀት ላይ ሳለ ይታሰብበት ነበር።

በመጨረሻ የባሌን እንናገር። በባሌ ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ሌላ ስፍራ የሌለ አንድ ትንሽ ጉርጥ ይኖራል። በ1978 በሳይንስ ሲገለጽ «ማልኮልሚ» የተባለው በዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የኢትዮጵያን እንቁራሪቶች ለብዙ ዓመታት ባጠናው በማልኮልም ላርገን ስም ነው። ላርገን ከስቲቨን ስፖልስ ጋር ያዘጋጀው ትልቅ መጽሐፍ በ2010 ታትሟል፤ ማየት የሚፈልግ ወደ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ይበል። ይህ ጉርጥ ከተለመደው መንገድ ወጥቷል። ፅንሱ የሚጀመረው በእናቲቱ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉን ግን በሆዷ አታቆየውም፤ ወደ ኩሬም አትወስደውም፤ በሣርና በሽበት ሥር በእርጥብ መሬት ላይ ትጥለዋለች። ልጆቹ በኩሬ ሳይዋኙ በዚያው ያድጋሉ። እንቁላል በውኃ በሚጥሉትና እንደ ኒምባው በሚወልዱት መካከል ያለ መንገድ ነው። ኩሬው በሌሊት በረዶ በሚሆንበት፤ ጅረቱም በሚቸኵልበት ተራራ ላይ እርጥብ መሬት የተሻለ መኝታ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን።

የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላም የኢትዮጵያ ጉርጥ አለ፤ እርሱ በ1932 «ኦስጉዲ» ተብሎ ተሰየመ። ይኸኛው እንቁላሉን እንደ ቦያችን ጉርጥ በክር አድርጎ በውኃ ይጥላል። እንግዲህ ሁለት ዘመዳሞች በአንድ አገር፤ አንዱ በውኃ፤ አንዱ በመሬት፤ ሕያው ልጅ መውለድ እንዴት እንደ ተጀመረ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የሚበልጥ መጽሐፍ የለም። ነገር ግን በ2013 ስለ ባሌ እንቁራሪቶች በታተመ ጥናት ኦስጉዲ በተደጋጋሚ ቢፈለግም እንዳልተገኘ ተገልጧል። ደኑ እየተመነጠረ፤ ረግረጉ እየተረገጠ መሄዱም በዚያው ተጽፏል። ምናልባት በአንድ ጅረት ዳር ዛሬም አለ። ያገኘነው እንደ ሆነ ግን የሚያገኘው ማን ነው? እስከ ዛሬ ስማቸውን ካወጡላቸው ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ግን ከባሌ፤ ከከፋና ከጎጃም የመጣን ተማሪዎች በክረምት ወደ አገራችን ስንመለስ ምን እንሠራለን? ደብተርና የእጅ ባትሪ ይዞ ከረግረግ ዳር ሁለት ሌሊት መቀመጥ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልገውም። የአንዱን ጩኸት በስልክ ቀርጾ፤ ቀኑንና ስፍራውን ጽፎ ማምጣት ይቻላል። የክበባችን ጸሐፊ የሚመዘግብበትን ደብተር ከዛሬ ጀምሮ ከፍቷል።

ሌላው ጥያቄያችን ለመምህራኖቻችን ነው፤ በትሕትና እናቀርበዋለን። በላቦራቶሪ የምትከፈተው እንቁራሪት ትቀር ዘንድ አንጠይቅም፤ ልቧን ሳናይ ባዮሎጂ ተማርን ማለት አንችልም። ነገር ግን እንቁላላቸውን በሚጥሉበት በሰኔና በሐምሌ የሚለቀሙት እንዲቀነሱ፤ ከዚያው ጊዜም አንዱ የላቦራቶሪ ሰዓት ከሳሕን ወደ ቦይ ዳር እንዲዛወር እንለምናለን። ከቦዩም ያልተደፋ አንድ ሃያ ሜትር ያህል በምሥራቅ በኩል ቀርቷል። መንገዱ የማይነካው ስለ ሆነ ለሚመለከተው ክፍል ማመልከቻ ጽፈናል፤ መፈረም የሚፈልግ ከበሩ አጠገብ ያገኘዋል።

በሳፋ ያወጣናቸው መቶ ያህል ነበሩ። ውኃው ስለ ጠበባቸውና እኛም ስለማናውቅ ብዙዎቹ ሞቱ፤ የተቀቀለ ጎመን እንደሚበሉ የነገሩን አባባ ናቸው፤ ከየት እንዳወቁት ሲጠየቁ «ልጅ ሆኜ እንዳላሳድግ ማን ከለከለኝ» አሉ። ሠላሳ አንዱ ጭራቸውን ጨርሰው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ጉርጦች ሆነዋል። ቅዳሜ ከቀኑ በዐሥራ አንድ ሰዓት፤ ዝናብ ካለ ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው፤ በቀረው ቦይ ዳር እንለቃቸዋለን። በሰሌዳው ላይ በእርሳስ የጻፈው ወንድማችንም ቢመጣ ሳፋውን ከአንድ ወገን ይይዝልናል።